ቅርንፉድ ሕመም ያሳርፋል፣ ቀዳዳ ግን አይደፍንም

ደሴ ሰኞ ገበያ ቅመም ተራ ገብቶ «ጥርሴን አሞኛል» ያለ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። አንዷ ቅርንፉድ ትቆነጥርለታለች። ጎረቤቷ «ተዪው እቴ፣ ነጭ ሽንኩርት ነው መድኃኒቱ» ትላለች። ሦስተኛዋ ጥቁር አዝሙድ በማር ታዛለች። ካርድ ማውጣት የለም፣ ወረፋ የለም፣ መርፌ የለም። ይሄ ማን ይጠላዋል?

አክስቴም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የታችኛው መንጋጋቸው ጠዝጥዞ እንቅልፍ ሲነሳቸው አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ጥርሳቸው ላይ ያዙ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሕመሙ በረደ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሲመለስባቸው ደግመው ያዙ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ወር ሄደ። ከዚያ ሕመሙ ያለ ቅርንፉድም ጠፋ። «ሐኪም ዘንድ ልውሰድዎት» ስላቸው «አብሽር ልጄ፣ ለቆኛል» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ጉንጫቸው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ተነሡ።

በእነዚያ ሁለት ወራት ጥርሱ ውስጥ ምን ሲካሄድ ነበር? ከቅርንፉዱ እንጀምር።

ቅርንፉድ ሳይፈካ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እንቡጥ ነው። ትውልዱ የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ የማሉኩ ደሴቶች ናቸው። ኋላ ዛንዚባርም በእሱ ስም አወጣች። ሲነከስ የሚወጣው ዘይት አብዛኛው ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የጥርስ ነርቭ «አመመኝ» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚልከው በጥቃቅን በሮች ሶዲየም እያስገባ ነው። ዩጂኖል እነዚያን በሮች ይዘጋል። መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የጥርስ ሐኪም የሚወጋን ማደንዘዣም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ የእሱ ግን በጣም ይበረታል።

እናም የቅመም ተራዋ ሴትዮ አልዋሸችም። ሐኪሞች ራሳቸው ዩጂኖልን ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ መሙያነት ሲጠቀሙበት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ገና ሳንገባ የሚቀበለን ያ ሽታ ብዙ ጊዜ የቅርንፉድ ሽታ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሌባ ግቢ ሲገባ የጮኸውን ውሻ አፉን ብናስር ሌሊቱ ጸጥ ይላል። ሌባው ግን ሥራውን አላቆመም።

ሌባው ማነው? «ጥርሴን ትል በላው» ሲባል ሰምተን አድገናል። ዘር ፍም ላይ ጨምሮ ጢሱን ወደ አፉ የሚስብም አለ፤ ትሏ ወጥታ ትወድቃለች ተብሎ። እምነቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ባቢሎናውያንም በሸክላ ጽፈውታል። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ትሉን አልቀበልም አለ። እውነተኛውን ምክንያት በደንብ ያሳየው ግን አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1890። አፋችን ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ስኳርና ዱቄት ነክ ምግብ ይበላሉ። በልተው አሲድ ያወጣሉ። ጥርስን የሚቦረቡረው ያ አሲድ ነው።

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ከሰውነታችን ሁሉ የጠነከረ ነገር ነው። ግን ሕይወት ያለው ሴል የለውም። ቆዳ ቢቆረጥ ይድናል፣ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል። ኢናሜል ከተቦረቦረ ግን አይበቅልም። ሽፋኑ ገና ነጣ ብሎ ሳይቀደድ ከሆነ ምራቅና ፍሎራይድ (የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባው ማዕድን) ሊያጠነክሩት ይችላሉ። አንዴ ቀዳዳ ከሆነ በኋላ ግን ቅርንፉድም ሆነ ጥቁር አዝሙድ መልሶ አይደፍነውም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አሲዱ ሽፋኑን አልፎ ወደ ጥርሱ እምብርት ሲጠጋ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ክፍል ይቆጣል። የተቆጣ ሥጋ ያብጣል። እጅ ቢሆን ወደ ውጭ ያብጥ ነበር። እዚህ ግን ዙሪያው የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ መሄጃ የለም። ስለዚህ ከልብ ምት ጋር ድው ድው እያለ ይጠዘጥዛል። ጋደም ስንል ደም ወደ ጭንቅላት ስለሚበዛ ማታ ይብሳል። የጥርስ ሕመም ሌሊት የሚጠብቅ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ ያቆማል። አክስቴ «ለቆኛል» ያሉት ያኔ ነው። ነርቩ ሞቶ ነበር። የሞተ ነርቭ አይጮህም። ባክቴሪያው ግን በሥሩ ጫፍ ወጥቶ ወደ መንጋጋው አጥንት ይገባል፣ እዚያ መግል ይሠራል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የተቦረቦረ ጥርስ ሳይታከም ሕመሙ በራሱ ቢጠፋ ተሽሎት ላይሆን ይችላል። ምናልባትም ብሶበት ነው።

እንግዲህ ጓዳችን ውስጥ ያለው ነገር ለምን ይጠቅማል? ለብዙ ነገር። ለእኔ ከሁሉም በፊት የሚመጣው ቅርንፉድ ሳይሆን ጨው ነው። ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል ብዙ ሰው የሚንቀው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ የውሃ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ግማሽ ደቂቃ ያህል መጉመጥመጥና መትፋት ነው። ጨዋማ ውሃ ካበጠው ድድ ላይ ፈሳሽ ይስባል። የተወሸቀ የምግብ ፍርፋሪ ያወጣል። የአፍ ቁስልም ያስታግሣል። ጨው ቢበዛ የበለጠ ያድናል ብላችሁ እፍኝ አትጨምሩ፤ ያቃጥላል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ደረቅ ጨው በጣት ጥርስ ላይ ማሸትም ጥሩ አይደለም። ፍሬው እንደ አሸዋ ይፍቃል።

ቅርንፉድን የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ሁለት ፍሬ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አለስልሱት። ከዚያ በሚያመው ጥርስና በጉንጭ መካከል አድርጉትና ቀስ ብላችሁ ንከሱት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ትፉት። ይዞ ማደር ድድ ያቆስላል። በብልቃጥ የሚሸጠው የቅርንፉድ ዘይት ደግሞ እንደ ፍሬው የዋህ አይደለም። አንድ ጠብታ በአንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ካልቀጠነ ሥጋ ይልጣል። ብልቃጡን ልጅ ከሚደርስበት ቦታ አርቁት። አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚሆን የጠጡ ሕፃናት ጉበታቸው ክፉኛ ተጎድቶ ሆስፒታል የገቡበት አጋጣሚ በሕክምና መዛግብት ተጽፏል። ለሕፃን ጥርስ ማብቀያ ብሎ ድዱን በእሱ ማሸትማ ጨርሶ አይታሰብ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ጦስኝ። የወሎ ደጋ ሰው ጦስኝን ለሻይና ለጉንፋን ያውቀዋል። ለአፍም እንደሚሆን ግን ብዙ አይወራም። ጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ባክቴሪያ የሚያዳክሙ ዘይቶች አሉ። ነጭ አዝሙድም ታይሞል አለው፤ ሽታቸው የሚቀራረበው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 የተቀመመው ሊስትሪን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ እስከ ዛሬ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ታይሞል ነው። ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ የምናየው ነገር አንድ ቁራጩ ከደጋው ሜዳ ላይ በነጻ ይበቅላል ማለት ነው። ለነገሩ ኃይላቸው እኩል ነው አላልኩም፤ የጠርሙሱ ተለክቶ ነው የተሠራው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ላይ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ታፈሱና ትከድኑታላችሁ። ክዳኑን አትርሱ። ቤቱን የሚያውደው ያ ሽታ መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ካልከደናችሁት ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። 10 ደቂቃ ቆይቶ አጥልላችሁ ሲበርድ ተጉመጥመጡበት። በነጭ አዝሙድ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ወቀጥ ወቀጥ አድርጋችሁ እንደዚያው። ሁለቱም የዕለት የዕለት ነው። ለሳምንት በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ማስቀመጥ ባክቴሪያ መቀለብ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ሲጨፈለቅ አሊሲን የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ ነገር ያወጣል፤ እሱ እውነት ነው። ግን አሊሲን የእኛን ሥጋና የባክቴሪያን አካል ለይቶ አያውቅም። የተጨፈለቀ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ አስሮ ያደረ ሰው ጠዋት ነጭ ሆኖ የተላጠ ድድ ያገኛል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ ያቃጥላል። ኪኒን የሚሠራው ተውጦ ነው። ነጭ ሽንኩርትን ወጥ ውስጥ እንጂ ጥርስ ላይ አልመክርም።

እርድ የድድ መቆጣት እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ትንንሽና አጫጭር ናቸው። በውሃ በጥብጦ መጉመጥመጥ አይጎዳም። ብሩሻችሁና ነጠላችሁ ግን ቢጫ ይሆናሉ። ጥቁር አዝሙድ በማር የምትለዋ ሦስተኛዋ ሴትዮ ደግሞ አዝሙዱ ላይ ሳይሆን ማሩ ላይ ነው የሳተችው። የተቦረቦረ ጥርስ ላይ ማር መለጠፍ ለሌባው እራት ማቅረብ ነው።

ሎሚ ግን ያናድደኛል። «ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ጥርስ ያነጣል» የሚል ቪዲዮ በየስልኩ ይዞራል። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው አፍ ውስጥ ያለው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድ መለኪያው፣ ከ5.5 ሲወርድ ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው። ፒኤች ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። በመጀመሪያው ቀን ጥርስ የነጣ የሚመስለው ላይኛው ሽፋን ስለተነሣ ነው። ሲደጋገም ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት ያቅታል፣ ከሥር ያለው ቢጫው ክፍል ይታያል። ያ የሚንተከተከው አረፋም ተአምር አይደለም፤ አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ሲጠፋፉ የሚወጣ ጋዝ ነው። የተፈጨ ከሰልና አመድም ነጭ ያደርጋሉ የሚባለው ፍቀው ነው፤ ሲፍቁ ደግሞ ቆሻሻውን ብቻ መርጠው አይፍቁም። ከስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት ከልጅነቱ ቡናማ ጥርስ የያዘ ሰው ደግሞ በከሰል ቢያሽ ልፋት ነው። ቀለሙ ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከጥርሱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው።

ስለ አፍ ሽታ ጥያቄ ስለሚበዛ ጥቂት ልበል። ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ማኘክ ሽታ ይሸፍናል፣ ምራቅም ያመጣል። ምራቅ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ አሲድ የሚያጥበው እሱ ነው። ሽታው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከምላስ የኋላ ክፍል ነው። ምላስን በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት መጥረግ ከአንድ እፍኝ ሄል ይበልጣል። የጾም ሰሞን፣ የረመዳንም ይሁን የሁዳዴ፣ አፍ ስለሚደርቅ ሽታው ይጨምራል። ጫት የሚቅምም አፉ ይደርቃል፤ በዚያ ላይ በስኳር ሻይና በለስላሳ ሲወራረድ ጥርሱ ሰዓታት ሙሉ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል።

ቡናም ይነሣ። ድሮ ወሎ ውስጥ ቡና በጨው ነበር፤ ዛሬም በጨው የሚጠጡ አሉ። ጣፋጭ ነገር በቀመስን ቁጥር አሲዱ ከፍ ብሎ ለመርገብ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥርስ የሚቆጥረው ስንት ማንኪያ ስኳር ሳይሆን ስንት ጊዜ የሚለውን ነው። አቦል በስኳር ጠጥታችሁ አሲዱ ሊረግብ ሲል ቶና ይመጣል። ቶናው ሊረሳ ሲል በረካ። ሰዎች የሲኒውን ጨው በስኳር ሲተኩ ሳያውቁት ጥርሳቸውን አስከፍለዋል። እኔ ራሴ ጨዉን አልለመድኩትም፣ ባዶውን ግን ጀምሬያለሁ።

መፋቂያን የሚንቅ ካለ ይመለስ። ከወይራ ወይም ከክትክታ የተቆረጠ እርጥብ መፋቂያ በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ ብሩሽ ነው። ከአፋር ቆላ የሚመጣውን ስዋክ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ባለበት አገር ተጠቀሙበት ብሎ መክሯል። ጫፉን አኝኮ ጭራ ማውጣት፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ መጥረግ፣ ጭራውን በየቀኑ ቆርጦ ማደስ ነው። ብዙ ሰው ግን እያወራ የፊቱን ጥርስ ብቻ ይፍቃል። በምላስ በኩል ያለው ገጽና የኋላ መንጋጋ ይረሳሉ። ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚቦረቦረው ደግሞ ኋላ ነው። ስለዚህ ማታ ከመተኛት በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና 2 ደቂቃ መቦረሽ አይቀርም። ሳሙናው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ppm የሚል የፍሎራይድ መጠን ፈልጉ። አረፋውን ትፉ እንጂ አፋችሁን በውሃ ደጋግማችሁ አትጠቡ፤ ፍሎራይዱ ይቆይበት። የትኛውም ቅመም ፍሎራይድን አይተካም።

ድድ ሲደማ ብሩሽ የሚያቆም ሰው አለ። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። የሚደማው ከሥሩ የተጠራቀመ ቆሻሻ ስላስቆጣው ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ በደንብ ሲጸዳ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለት ሳምንት ያቆማል። ካላቆመ ጥርስ ማሳጠብ ያስፈልጋል። የደረቀውን የጥርስ ድንጋይ ጦስኝ አያነሣውም። በነገራችን ላይ ድድ መነቀስ ለውበት ነው እንጂ ለድድ ጤና አይጠቅምም። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲዞር ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ አብሮ ይዞራል።

ጨቅላ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ማስቧጠጥም ይቅር። ድዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው እየበቀለ ያለ ጥርስ ነው። በአልታጠበ ምላጭ ወይም ሽቦ ሲወጣ ልጁ ሊደማ፣ ሊመረዝ፣ ኋላም ቋሚ ጥርሱ ሊበላሽ ይችላል።

ጓዳው የማይበቃበት ጊዜ እንዴት ይታወቃል? ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ከምላስ ሥር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ያኔውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ለነገ አይባልም። ከታችኛው መንጋጋ የሚነሣ መግል ወደ አንገት ወርዶ የአየር መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥም ብቻውን አይበቃም። እብጠቱን ያጎድለው ይሆናል፤ ምንጩ ጥርሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ተመልሶ ይመጣል። መሞላት፣ የሥር ሕክምና ማግኘት ወይም መነቀል አለበት።

የአክስቴ ተነቀለ። ከክሊኒኩ እንደተመለስን ቤት ሳይገቡ «ጨው በውሃ አቅርቡልኝ» አሉ። አዘዙን እንጂ አልሰጠናቸውም። የተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ የረጋው ደም እንደ ክዳን ነው። በመጀመሪያው ቀን ከተጉመጠመጡ፣ በስትሮ ከሳቡ ወይም ደጋግመው ከተፉ ክዳኑ ይነሣና አጥንቱ ይጋለጣል፤ የዚያ ሕመም ከጥርሱ ሕመም ይከፋል። ስለዚህ 24 ሰዓት መጉመጥመጥ የለም። በማግሥቱ ለብ ያለ የጨው ውሃ አፍ ውስጥ ይዞ ጭንቅላትን ዘንበል ዘንበል ማድረግ፣ ከዚያ ዝም ብሎ እንዲፈስ መተው ነው። ከምግብ በኋላ ሁሉ፣ ለሳምንት ያህል።

ትኩስ ነገርም ለዚያ ቀን ክልክል ነበር። ማታ ቡና ተፈላ። አቦሉ ተቀድቶላቸው ሲኒው አጠገባቸው ተቀመጠ። እስኪቀዘቅዝ እያዩት ቆዩ። ከዚያ አንሥተው በደህናው ጉንጫቸው በኩል ጠጡና «ይኼም ቡና ነው እንግዲህ» አሉ።